እሳት የማይሰማው እጅ፦ በልጆች ሕብለ ሰረሰርና የአንጎል ግንድ ውስጥ ስለሚፈጠሩ ፈሳሽ ያዘሉ ክፍተቶች

ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው የጤና ባለሙያዎች በእንጅባራ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ገለጻዬን በአንዲት ልጅ ልጀምር። ልጅቷ በእርግጥ ያለች ታካሚ አይደለችም፤ በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈውን ከምድጃችን አጠገብ ለማስቀመጥ ያሰብኳት ናት። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ዓመት፣ ቤቷም ከዳንግላ ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው እንበል። እናቷን በማዕድ ቤት ታግዛለች። ድስት ስታወርድ ጨርቅ አትይዝም፤ ፍም ስትቆሰቁስ እጇን አትሰበስብም። ቤተሰቡ ይኮራባታል። «የእኔ ልጅ እጇ እሳት አይፈራም» ትላለች እናት ለጎረቤቷ። በጣቶቿ ላይ አሮጌና አዲስ የቃጠሎ ጠባሳ ተደራርቧል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ መምህር የልጅቷ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ማለቱን ያስተውላል፤ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ይላታል። ጠባሳውን ያየ ትከሻውን አላየም፤ ትከሻውን ያየም ጠባሳውን አልጠየቀም። ዛሬ የምናገረው እነዚህ ሁለት ምልክቶች ስለሚገናኙበት ቦታ ነው። ቦታው የሕብለ ሰረሰር መካከል ነው።

በዚያ መካከል ፈሳሽ ያዘለ ክፍተት ሲፈጠር ሕመሙን ሲሪንጎማየሊያ እንለዋለን፤ ክፍተቱ ወደ አንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ሲዘልቅ ወይም እዚያው ሲፈጠር ደግሞ ሲሪንጎቡልቢያ ይባላል። የመጀመሪያውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ኦሊቪየ ዳንዤ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1827 ነበር። «ሲሪንክስ» በግሪክ ሸምበቆ፣ ከሸምበቆ የሚሠራ ዋሽንትም ማለት ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ያደገ ሰው ግን ይህን ሥዕል ለመረዳት እስከ ግሪክ መሄድ አያስፈልገውም። ከደጃፋችን የሚበቅለው ቀርከሃ ይበቃል፤ ውስጡ ባዶ፣ በየአንጓው የተጋረደ ነው። በኤም አር አይ ምስል ላይም ብዙ ጊዜ የሚታየን ይኸው ነው፤ በቁመት የተዘረጋ፣ በየቦታው በቀጭን ግድግዳ የተከፋፈለ የሚመስል ክፍተት። ቀርከሃ ባዶ ሆኖ መፈጠሩ ጤንነቱ ነው። ሕብለ ሰረሰር ግን መካከሉ ሲቦረቦር ግድግዳው ከውስጥ ወደ ውጭ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚያ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፉት ደግሞ ለእጅ፣ ለእግርና ለፊኛ መልእክት የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው።

ፈሳሹ ከየት መጣ? አንጎላችንና ሕብለ ሰረሰራችን የሚንሳፈፉበት ንጹሕ ፈሳሽ አለ። በጎልማሳ ሰው መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በቀን ግን ግማሽ ሊትር ያህል ይመረታል። ስለዚህ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል ማለት ነው። ይህ ፈሳሽ ቆሞ አይቆይም። ልብ በመታ ቁጥር አንጎል በጥቂቱ ያብጣል፤ ፈሳሹም በራስ ቅል ሥር ባለው ታላቅ ቀዳዳ በኩል ወደ አንገት ይወርዳል፤ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። ቀዳዳው ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ይህ መውረድና መውጣት ማንንም አይጎዳም።

ኪያሪ በሚባለው የአፈጣጠር ችግር ግን የንዑስ አንጎል የታችኛው ጫፎች በዚያ ቀዳዳ ሾልከው ወደ አንገት ይወርዳሉ፤ ቀዳዳውንም እንደ ውታፍ ይወትፉታል። ስሙ በፕራግ ይሠራ ከነበረው የአስከሬን መርማሪ ከሃንስ ኪያሪ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ መግለጫውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በዚህ ሁኔታ ልብ በመታ ቁጥር የሚሆነውን ለማስረዳት ከአንድ ሐሳብ በላይ ቀርቧል። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጄምስ ጋርድነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈሳሹ ከአንጎል ውስጠኛ ጓዳ በሕብለ ሰረሰር መካከለኛ ቱቦ በኩል በግፊት ይወርዳል ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ኤድዋርድ ኦልድፊልድና ባልደረቦቹ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ያዩትንና የለኩትን ይዘው ሌላ ማስረጃ አቀረቡ፤ የተወተፉት ጫፎች ልብ በመታ ቁጥር እንደ መንፊያ ዘንግ ወደ ታች ይገፋሉ፤ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ ሕብለ ሰረሰሩን ከውጭ እየጨመቀ ፈሳሹን ወደ ውስጡ ያስርጋል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቴም ብዙ ክፍተቶች ከአንጎል ጓዳ ጋር ጭራሽ የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ይሁንና ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ለተመራማሪ ተማሪ መልካም ዜና ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ እጅ እንመለስ። ለምን እሳቱ አልተሰማትም? ደግሞስ እሳቱ ካልተሰማት ድስቱን መያዟ እንዴት ተሰማት?

የእንጅባራን መገናኛ አስቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚሄደው ግን ይታጠፋል። መታጠፊያው ብቻ በጎርፍ ቢዋጥ የባሕር ዳሩ መንገደኛ ችግር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል። በሕብለ ሰረሰርም እንደዚሁ ነው። የንክኪና የአካል አቀማመጥ ስሜት ከእጅ እንደ ገባ በዚያው ጎን፣ በጀርባ በኩል፣ ቀጥ ብሎ ወደ አንጎል ይወጣል። የሕመምና የሙቀት ስሜት ግን ከገባበት ብዙም ሳይርቅ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፤ የሚሻገረውም ልክ በመካከለኛው ቱቦ ፊት ለፊት ነው። ክፍተቱ ከመካከል ተነሥቶ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህን መሻገሪያ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ድስቱን ይዛለች፤ ክብደቱንና ልስላሴውን ታውቃለች፤ የማታውቀው ማቃጠሉን ብቻ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ከወጣችሁ ድካሜ ከንቱ አልሆነም፤ ንክኪ እያለ ሕመምና ሙቀት መጥፋቱ በቆዳ ላይ የሚነበብ የሕብለ ሰረሰር ካርታ ነው። የሚጠፋበት አካባቢም የራሱ ቅርጽ አለው። ካህን እንደሚደርበው ካባ ከአንገት ሥር ተነሥቶ ትከሻን፣ ክንድንና እጅን ይሸፍናል፤ ከካባው በታች ያለው ሆድና እግር ብዙ ጊዜ መደበኛ ስሜቱን ይዞ ይቆያል። ክፍተቱ ሲሰፋ በፊት በኩል ያሉትን የጡንቻ ነርቮች ይነካል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ልጁ ቁልፍ መቆለፍ፣ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ ወደ ጎን ሲገፋ እግር ይገትራል፣ ፊኛም ይታወካል። እዚህ ደረጃ ላይ የሚመጣ ልጅ ዘግይቶ መጥቷል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች፣ አንዱ ቀዝቃዛ አንዱ ለብ ያለ ውኃ፤ የጥጥ ብጣሽ፤ የተሰበረ የእንጨት ስንጥር። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ እጁን፣ ከዚያም ለማነጻጸር ሆዱንና ጭኑን ትነካላችሁ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ይደነዝዝሃል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በአማርኛችን «መደንዘዝ» ብዙ ነገር ይሸከማል፤ አንዱ መዛሉን፣ ሌላው መብረዱን፣ ሌላው ደግሞ ልቡ መፍዘዙን ይነግራችኋል። ቤተሰቡ በቤቱ የሚናገረው አውኝኛ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ይበልጥ ይደበዝዛል። «የቱ ጠርሙስ ነው የቀዘቀዘው?» የሚለው ጥያቄ ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። የምትጠይቁት በአውኝኛ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ልጁም ፍርሃቱ ይቀላል።

ስሜት አልባ፣ ቁስል የበዛበትን እጅ ያየ የአገራችን ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው የሥጋ ደዌን ነው። አይፈረድበትም። ይህ በሽታ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ስሕተቱ እዚያው ላይ መቆም ነው። በሥጋ ደዌ የሚጎዳው ከሕብለ ሰረሰር የወጣው ነርቭ ራሱ ስለሆነ ከሕመምና ከሙቀት ጋር ንክኪም ይጠፋል። ቆዳው ላይ የደበዘዘ ነጠብጣብ ይኖራል፤ በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ወፍሮ ይገኛል። በሲሪንጎማየሊያ ነርቩ አይወፍርም፤ ቆዳው መልኩን አይለውጥም፤ የክንድ ጅማት ምላሽ ይጠፋል፤ የእግሩ ግን በተቃራኒው ይጨምራል። ልዩነቱን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ የማያስፈልገውን መድኃኒት ለወራት ይወስዳል፤ ክፍተቱ በዚያ ጊዜ ይሰፋል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በመንደሩ የሚለጠፍበት ስም ነው። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ ስሙ ዛሬም ጋብቻ ያፈርሳል፣ ጓደኛ ያርቃል።

ይህ መምታታት በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1883 ኦጉስቲን ሞርቫን የተባለ፣ በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ በብሪታኒ ገጠር ይሠራ የነበረ ሐኪም ስለ አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ። የታካሚዎቹ ጣቶች መግል ይቋጥራሉ፤ ይህ በሰው አካል ላይ ከሚደርሱት አስጨናቂ ሕመሞች አንዱ ነው፤ የእርሱ ታካሚዎች ግን ጣታቸው ሲቀደድ እንኳ አያማቸውም። ችግሩ ከጣቱ ሳይሆን ከሕብለ ሰረሰር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት «ይህ ሥጋ ደዌ ነው» «አይደለም፣ የሕብለ ሰረሰር ሕመም ነው» የሚል ብርቱ ሙግት በአውሮፓ ሐኪሞች መካከል ተካሄደ። በመጨረሻም ብዙዎቹ የሲሪንጎማየሊያ ታማሚዎች መሆናቸው ታወቀ። ሞርቫንን የማነሣው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። የገጠር ሐኪም ነበር፤ ኤክስሬይ ገና አልተፈለሰፈም፤ ኤም አር አይ ሊመጣ መቶ ዓመት ይቀረው ነበር። የነበረው መሣሪያ «ይህ ቁስል ለምን አላመመውም?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህ መሣሪያ በዳንግላም፣ በቻግኒም፣ በአዲስ ቅዳምም አለ። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ ከሰል የሚያከስሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ቃጠሎ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ቃጠሎውን በቅባትና በፋሻ ሸፍኖ መሸኘት ይቀላል። ከመሸኘታችን በፊት ልጁ ሲቃጠል ጮኾ እንደ ነበር እንጠይቅ።

በልጆች ግን የስሜት መጥፋት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት አይደለም፤ ልጅ ስሜቱ መጥፋቱን አይናገርም፤ አያውቀውምና። ቀድሞ የሚታየው የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም ነው። ክፍተቱ የግራና የቀኝ የጀርባ ጡንቻዎችን ሚዛን ስለሚያዛባ አጥንቱ ይጣመማል። አብዛኛው የልጆች የጀርባ መጣመም ምክንያቱ ያልታወቀና ከሕብለ ሰረሰር ሕመም ጋር ያልተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ትከሻው የተዛነፈን ልጅ ሁሉ ለኤም አር አይ መላክ አያስፈልግም። የሚያጠራጥሩት ተለይተው ይታወቃሉ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የጀመረ፣ ደረቱ ላይ ወደ ግራ የጎበጠ፣ በፍጥነት የሚብስ፣ ሕመም ያለው፣ ወይም ሆዱን በስንጥር ስንጭረው አንዱ ጎን እየተኮማተረ ሌላው ዝም የሚል። ይህ የመጨረሻው ምልክት አሥር ሰኮንድ አይፈጅም፤ በየታካሚው ካርድ ላይ ግን ተጽፎ የማየው ከስንት አንዴ ነው። በሳል፣ በሳቅ ወይም ሲያምጥ ኋላ ራሱን የሚያመው ልጅም ኪያሪን ያስታውሰን።

ክፍተቱ ወደ አንጎል ግንድ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ እጅ ሳይሆን ስለ መዋጥ፣ ስለ ድምፅና ስለ መተንፈስ ነው። በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ እንደ ስንጥቅ ቀጭን ነው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ግን ሁሉም ነገር ተጠጋግቶ ስለሚኖር ትንሽ ስንጥቅ ብዙ ያበላሻል። ትልቁ ልጅ ድምፁ ይጎረንናል፤ ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ ምላሱ በአንድ ጎን ይሟሽሻል፤ ዓይኑ ያለ ፈቃዱ ይርገበገባል፤ የፊቱ ስሜት ከጆሮ በኩል ጀምሮ ወደ አፍንጫ እየተጠጋ ይጠፋል። ሕፃኑ ደግሞ ለቅሶው ይሰልላል፤ ሲጠባ ያንቀዋል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል፤ ሲተኛም ትንፋሹ ይቋረጣል። ሕፃኑ በተደጋጋሚ «የሳንባ ምች» ተብሎ መታከሙን የሚያሳይ ካርድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ምቹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሳንባው የሚገባው ወተት ያመጣው ምች። እንዲህ ያለ ልጅ የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ይላካል።

እስካሁን የተናገርኩት ኪያሪን ማዕከል አድርጎ ነው። በአገራችን ግን ሌላ ትልቅ በር አለ፤ ስፓይና ቢፊዳ። በጀርባው ላይ የነርቭ ከረጢት ይዞ የተወለደ ልጅ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ኪያሪ አለበት፤ ብዙዎቹም በራሳቸው ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባላቸዋል። ቱቦው ሲዘጋ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ አንዳንዴም ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገፋል። ስለዚህ ሻንት ያለው ልጅ እጁ መድከም ወይም ጀርባው መጣመም ሲጀምር መጀመሪያ የሚመረመረው ሻንቱ ነው። ከዚህ ሌላ የአንጎል ሽፋን ቲቢና የአከርካሪ ቲቢ ሽፋኖቹን አጣብቀው የፈሳሹን መንገድ ይዘጋሉ፤ ዕጢም ክፍተት ይፈጥራል። የአከርካሪ ስብራትም እንዲሁ ነው፤ ክፍተቱም ከወራት፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞችን በዓል የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ከፈረስ ወድቆ የዳነ ወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ እጁ ሲሰንፍ የድሮውን ውድቀት እናስታውስ።

ስለ ስፓይና ቢፊዳ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከዛሬው ርእስ ውስጥ ልንከላከለው የምንችለው ዋናው ክፍል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች አሉ። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገው ከ10,000 ወሊዶች 131፣ በአዲስ አበባ ሦስት ሆስፒታሎች የተደረገው ደግሞ 126 የነርቭ ቱቦ ጉድለቶችን አግኝቷል። የነርቭ ቱቦ ጉድለት ስፓይና ቢፊዳንና የራስ ቅል አለመገጠምን ያጠቃልላል። ቁጥሩ ከሆስፒታል የተገኘ ስለሆነ፣ ከባድ ወሊድ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ስለሚያዘነብል፣ ለአገሩ ሁሉ አይወሰድም። ግማሹ ትክክል ቢሆን እንኳ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መከላከያው ፎሊክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱት ጉድለቱ በ72 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ችግሩ ጊዜው ነው። የነርቭ ቱቦ የሚገጥመው ጽንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ እናት ማርገዟን ገና እየጠረጠረች ነው። በእርግዝና ክትትል የምንሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለነርቭ ቱቦ ግን ከደረሰበት ዘግይቷል። ስለዚህ ነው ፎሊክ አሲድ ከምግብ ጋር መቀላቀል ያለበት። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የስንዴ ዱቄትን በንጥረ ነገር ማበልጸግ አስገዳጅ ሆኗል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የአዊ ገበሬ ጤፉን፣ ገብሱንና በቆሎውን ከማሳው አውጥቶ በሰፈር ወፍጮ ያስፈጫል፤ የፋብሪካ ዱቄት ከቤቱ የሚገባው በዳቦ መልክ፣ ያውም በገበያ ቀን ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚገዛው አንድ ነገር አለ፤ ጨው። አዮዲን በጨው በኩል ወደ ገጠር መድረስ ችሏል፤ ፎሊክ አሲድም በዚያው መንገድ እንዲሄድ የሚለው ሐሳብ በአገራችንም እየተጠና ነው። በግሌ ለእንጅባራና ለዳንግላ ገጠር ከዱቄቱ ይልቅ በጨው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሕክምናውስ? ምርመራው የሚረጋገጠው በኤም አር አይ ነው፤ ለዚያ ቢያንስ ባሕር ዳር መሄድ ያስፈልጋል፤ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ በካርታ ላይ ትንሽ ነው፤ ልጅ አዝሎ፣ ማደሪያ ሳይኖር፣ መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የጀርባ ሕመም» ብቻ አትጻፉ። ያገኛችሁትን የስሜት ካርታ በሥዕል ጨምሩበት፤ «ሲሪንጎማየሊያ ይጠረጠራል፤ የአንጎልና የመላው ሕብለ ሰረሰር ኤም አር አይ ይታይ» ብላችሁ ጻፉ። የወገብ ብቻ ተነሥቶ እንደገና መመለስ ለአንድ ገበሬ የአንድ በሬ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

መንስኤው ኪያሪ ሲሆን የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ከራስ ቅል ጀርባ ትንሽ አጥንትና የመጀመሪያውን የአንገት አጥንት የኋላ ቀለበት ያነሣል፤ እንዳስፈላጊነቱም ሽፋኑን ከፍቶ በጥፊያ ያሰፋዋል። ክፍተቱ ራሱ አይነካም፤ መንገዱ ሲከፈት በወራት ውስጥ ራሱ ይኮማተራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር በአገሪቱ የነበሩት የመስኩ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን እጆች ይሠራል። ለወላጆች ግን እውነቱን እንንገር። ቀዶ ሕክምናው የሚያቆመው ጉዳቱ እንዳይቀጥል ነው፤ የጠፋው ስሜት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ልጅቷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ድስት በጨርቅ መያዝን፣ ውኃን በክርኗ ሳይሆን ስሜቱ ባለው እግሯ መለካትን መማር አለባት። ምሽት ላይ እጇን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ ልግታ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቤተሰቦች ልጁን መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ጠበል ነው። ምን እንበላቸው?

መልስ፦ ጠበሉን አትከልክሉ፤ ቤተሰቡንም ታጣላላችሁ፣ ልጁንም ታጣላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ንገሯቸው። ሲውጥ ትን የሚለው ልጅ በግዴታ እንዳይጠጣ፣ ጥቂት በጥቂቱ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይሁን፤ የጠበሉ አባት ይህን ሲነገራቸው የሚቃወሙ አይመስለኝም። ወጌሻውን በተመለከተ ግን ጠንከር እላለሁ። ኪያሪ ያለበትን ልጅ አንገት ማሸትና በኃይል ማዞር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ወጌሻዎችን ሰብስባችሁ አንገትን እንዳይነኩ ብታስተምሩ ከዛሬው ገለጻዬ የበለጠ ትሠራላችሁ።

ጥያቄ፦ በኤም አር አይ በአጋጣሚ የታየ ትንሽ ክፍተት ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አያስፈልገውም። ሁላችንም በጽንስነታችን የሕብለ ሰረሰር መካከለኛ ቱቦ ነበረን፤ በአንዳንድ ሰው ሳይዘጋ ይቀራል፤ በምስል ላይ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ኪያሪ፣ ዕጢ ወይም የተያዘ ሕብለ ሰረሰር ካልተገኘና ልጁ በምርመራ ጤነኛ ከሆነ በክትትል ይቆያል። ያንን ክር አይቶ ቤተሰቡን ማስደንገጥም ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ የአንጎል ሽፋን ብግነት የጠረጠርነው ልጅ ኪያሪም ቢኖርበት ከወገብ ፈሳሽ እንቅዳ?

መልስ፦ መጀመሪያ የዓይኑን ውስጥ እዩ፤ የራስ ዙሪያውን ለኩ፤ አንገቱን እንዴት እንደ ያዘ ተመልከቱ። የራስ ውስጥ ግፊት ጨምሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትቅዱ፤ ከታች ፈሳሽ ሲወጣ ከላይ ያለው አንጎል ይበልጥ ወደ ቀዳዳው ሊወርድ ይችላል። የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ በዚያው ሰዓት ስጡና ላኩት፤ የሰጣችሁበትንም ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፉ።